የድምቡሼ ላፕቶፕ አልነሳ አለ

ጥቅምት 12

ወንድምዬ፣

ሰላምታዬን ዛሬ አሳጥረዋለሁ። ደህና ነኝ፣ ወገቤም ተሽሎኛል፣ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊውም እንደ ወትሮው የሰው ሱሪ እየሰፋ በሰው ጉዳይ ይገባል። ያሳጠርኩት አፍሬ ነው። ሳላፍር የምጽፈው ደብዳቤ እንዴት እንደሚረዝም አንተ ታውቃለህ።

ስለ ደንበኛዬ ማንነት ጠይቀኸኛል። ደንበኛ የለችም። ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎች «አንዲት ምስኪን ሴት ላፕቶፗ አልነሳ ብሏት ሱቄ ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች» ያልኩህ፣ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ላፕቶፑ የልጅህ የድምቡሼ ነው። አንተ የገዛህላት፣ «ከእሷ በቀር ማንም እንዳይነካው» ብለህ የላክህላት፣ ያው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ድምቡሼ ለነርስነት ልምምዷ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ እዚያ መብራት አንድ ቀን ቢኖር ሦስት ቀን የለም ተብላ፣ ላፕቶፗን እኔ ጋ አስቀመጠች። በሻርፕ ጠቅልላ ሰጠችኝና «አክስቴ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው፤ አደራ» አለችኝ። እኔ አደራ የምበላ ሰው አይደለሁም። ግን ያን ቀን የሱቁ ኮምፒውተር እንደ ልማዱ ያዛጋል፣ አንድ ጠበቃ ደግሞ የኪራይ ውል ይዞ ራሴ ላይ ቆሞ «በአስር ደቂቃ ካልደረሰልኝ ዳኛው ይነሳል» ይላል። ሻርፑን ፈታሁት።

ውሉን ጽፌ፣ አትሜ፣ ጠበቃውን ሸኝቼ ልዘጋው ስል ላፕቶፑ ሳላዘው ራሱን ማደስ ጀመረ። «እባክዎ አያጥፉ» የሚል አወጣና ሠላሳ በመቶ ላይ ሲደርስ ቆሞ እንደ ሽማግሌ ያስብ ገባ። ደጅ ላይ ፎቶ ኮፒ ፈላጊ ስምንት ሰው ተሰልፏል። ሶኬቴ አንድ ናት። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ መቆየቱን አንተም ታውቃለህ፤ ከግድግዳው ከተነቀለ ይጠፋል። ነቀልኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ «የተለጠፈውን አንብቡ እንጂ» እያልኩ ሰው ስቆጣ የኖርኩ ሴት፣ የተጻፈውን እያየሁ ነቀልኩት። ከዚያ ወዲህ ሲበራ ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ነው፤ አልነሳም ይላል፣ ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ይደረድራል፣ ይቆማል።

የመመረቂያ ጽሑፉ የሚገባው ኅዳር 5 ነው። ያን ቀን ያላስገባች ዓመቱን ትደግማለች። እሷ የምትመለሰው ኅዳር 1 ቅዳሜ ነው። እንግዲህ ምን እንደያዝኩ ለማወቅ ይህ ይበቃሃል።

ለሠፈሩ ሞባይል ጠጋኝ ለምን እንዳልሰጠሁት ላልከው፣ ልጁ የድምቡሼ የክፍል ጓደኛ ነበር። ዛሬ ካየው ነገ ጤና ጣቢያው ድረስ ይሰማል። ስልክ በሚይዝ ተራራ ላይ ብትሆን ኖሮ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነግሬህ ቁጣህንም በአንድ ትንፋሽ እጠጣው ነበር። ዋሻ የሚቆፈርበት ቦታ ገብተህ ግን የነዳጅ ቦቴው ደብዳቤያችንን ይዞ እስኪወጣና እስኪወርድ መጠበቅ ሆነ።

እዪ ያልከኝን አይቻለሁ። ሲበራ ከታች ጥግ ላይ «ኤፍ ሁለት» እና «ኤፍ አስራ ሁለት» የሚል ብልጭ ይልና ዓይን ሳይጨፈን ይጠፋል። ያስነሳዋል ያልከውን ፍላሽ ላክልኝ። ተቆጣ፣ ግን ላከው።

ድምቡሼ ትጽፍልሃለች ወይ? ለእኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች። የአንተን ስም ሳነሳ ግን ስለ አየሩ ታወራኛለች።

እህትህ

—

ጥቅምት 11፣ ከካምፕ

እትዬ፣

አዲስ ደብዳቤ ጽፈሽልኝ ከሆነ ገና አልደረሰኝም። ቦቴው ሊወርድ ስለሆነ ግን ባዶውን አይውረድ ብዬ ፍላሹን ሰጥቼዋለሁ። ሾፌሩ በቤንዚን ጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ከቶታል፤ ሽታው አያስደንግጥሽ።

ለደንበኛሽ ማልቀስ ኮምፒውተር እንደማያስነሳ ንገሪያት። እንዲህ አድርጊ። ላፕቶፑ እንደጠፋ መጀመሪያ ፍላሹን ሰኪው። ከዚያ ማብሪያውን ተጫኚና በዚያው ቅጽበት ኤፍ አስራ ሁለትን ደጋግመሽ ምቺ። አንዴ ነክተሽ አትጠብቂ፤ እንደ ደንቆሮ በር አንኳኪው። «ከምን ልነሳ» የሚል ዝርዝር ያወጣልሻል። ፍላሹን ምረጪ። ፍላሹ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ በኤፍ ሁለት ገብተሽ «ሴኪዩር ቡት» የሚለውን ፈልጊና አጥፊው። እሱ ዘበኛ ነው፤ የማያውቀውን እንግዳ አያስገባም።

ከተነሳልሽ በኋላ «ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል?» ይልሻል። አትፍሪ፣ አዎ በይው። ሴትየዋ «ይብራልኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም» አለች ብለሽኛል፤ እንግዲያው አዲስ ሆኖ ይነሳላታል። እዚህ የካምፑን ኮምፒውተሮች ሁሉ የማነሳው እንዲሁ ነው። መብራት ዘርጋ ብለው ቀጥረውኝ የኮምፒውተር ሐኪም አድርገውኛል።

ጤናዬን ጠይቀሻል፤ ሳል ነው፣ የድንጋይ ብናኝ ነው፣ ሌላ የለም። ድምቡሼ ስትደውል ሰላም በይልኝ።

ታናሽሽ

—

ጥቅምት 17

ወንድምዬ፣

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላለፉ። የእኔን ኃፍረት ይዞ የሚወጣው ቦቴና የአንተን ቀልድ ይዞ የሚወርደው አቧራ እየተቀባቡ አልፈዋል። ፍላሹ ደርሶኛል። ከነቤንዚኑ።

«ሁሉ ይጠፋል፣ አዎ በይው» የሚለውን ሳነብ ወንበር አምጡልኝ አልኩ፣ ለካ ወንበር ላይ ነኝ። ያን የጻፍከው ደንበኛ አለች ብለህ ነው። መልስህን ልጠብቅ አልኩና ደግሞ ቀኑን ቆጠርኩት፤ አይበቃም። ስለዚህ እስከ ጥያቄው ልሂድና እዚያ ልቁም አልኩ። በር ድረስ መሄድ መግባት አይደለም።

መሄዱ ግን ቀላል መሰለህ? መጀመሪያ ላፕቶፑን አብርቼ ፍላሹን ሰካሁ፤ ዞሮም አላየው። ከዚያ እንዳልከው ቀድሜ ሰካሁና ኤፍ አስራ ሁለትን መታሁ፤ ዘግይቼ ነበር። ከዚያ ፈጥኜ መታሁ፤ ለካ ስቸኩል ጎረቤቱን ቁልፍ ነው የምመታው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጮኸብኝ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ።

«ምን አደረገሽና ነው የምትደበድቢው?»

«አልነሳ ብሎ ነው።»

«ባለቤቴም ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ናት። እኔ ግን እጄን አላነሳም።»

«አንተማ ምን ታደርግ፣ እሷ ካልተነሳች ቁርስ የለህ።»

ቁጭ ብሎ ይቆጥርልኝ ጀመር። አስራ ሰባት ጊዜ አጠፋሁ፣ አስራ ሰባት ጊዜ አበራሁ። በአስራ ስምንተኛው ያ ዝርዝር ወጣ። ፍላሹ ግን የለበትም። ዘበኛው ነው። ዓይኔ ደከመ፣ ለዛሬ ይብቃኝ።

ጥቅምት 18፣ በዚያው ወረቀት

ወንድምዬ፣ ተነሳ።

ዘበኛውን ጠዋት አገኘሁት። አራተኛው ገጽ ላይ ተደብቆ ነበር። አጠፋሁት፣ «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ፣ እርግጠኛ ባልሆንም ነኝ አልኩት። እንደገና አነሳሁ፣ ኤፍ አስራ ሁለትን አንኳኳሁ፣ ፍላሹ በስሙ ተጽፎ መጣልኝ። መረጥኩት። ጨለመ፣ ከዚያ ቀለም መጣ። ያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሬሳ የነበረ ነገር ፊቱ በራ። ልብስ ሰፊውን አቀፍኩት፤ መርፌ ወጋኝ፣ ግድ አልሰጠኝም። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ከመንጃ ፈቃዴ ወዲህ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

አሁን ጥያቄው ላይ ነኝ። ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል ይላል። እጄን አንስቻለሁ። ልዝጋው እንዳልል ደግሞ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው መሃል ላይ ስለዘጋሁት ነው። ስለዚህ እንደበራ፣ እንደጠየቀ፣ መልስህ እስኪመጣ ይቆያል። ሶኬቷን እሱ ይዟታል። በሬ ላይ «ፎቶ ኮፒ ለጊዜው የለም» ብዬ ለጥፌያለሁ። ልብስ ሰፊው ከሥሩ «ባለቤቷ እያሰበች ነው» ብሎ ጨምሮበታል።

እህትህ

—

ጥቅምት 18፣ ከካምፕ

እትዬ፣ አዎ አትበይ።

ይህን ያስቀደምኩት ሌላውን ሳታነቢ እንድታነቢው ነው። ብለሽው ከሆነ ደግሞ አትንገሪኝ፤ መጥቼ ራሴ አየዋለሁ።

ካላልሽው ስሚኝ። የመጀመሪያውን መስመር ተይው። ከሥሩ «ሳይጫን ሞክር» የሚል ሁለተኛ መስመር አለ፤ እሱን ምረጪ። ያኔ ላፕቶፑ ከፍላሹ ላይ ይነሳል፣ ዲስኩን አይነካም። የድምቡሼን ፋይሎች ከፍተሽ ወደ ሌላ ፍላሽ ቅጂያቸው። ጥያቄው ላይ ደርሰሽ ፈርተሽ ቆመሽም ከሆነ ዝም ብለሽ አጥፊው። አዎ እስካላልሽው ድረስ ምንም አይሆንም።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ዋሻ ገብቼ አንድ ገመድ ሁለት ጊዜ አገናኘሁ። እኔ ላንቺ ደንበኛ ብዬ በገዛ እጄ የልጄን የአራት ዓመት ልፋት እንድትደመስሺ አዝዤሻለሁ። አንቺ ውሸቱን ባትነግሪኝ ይህ አይሆንም ነበር። እኔም ደግሞ የማልቆጣ ወንድም ብሆን አትዋሺኝም ነበር፤ እሱንም አስቤዋለሁ። ከእንግዲህ ግን በእኔና ባንቺ መሃል ደንበኛ አይኑር። የሆነው እንደሆነው ይነገረኝ። ማይልኝ።

ድምቡሼ ትጽፍልኝ እንደሆነ ጠይቀሻል። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ።

ታናሽሽ

—

ጥቅምት 24

ወንድምዬ፣

አዎ አላልኩትም። ይህን እኔም አስቀደምኩት።

ደብዳቤህ ትናንት ነው የደረሰኝ። «ዝም ብለሽ አጥፊው» የሚለውን ለልብስ ሰፊው ሳነብለት ተንከትክቶ ሳቀና ክሩ ተበጠሰበት። አምስት ቀን ሙሉ ያን ጥያቄ እንደ በሽተኛ አስታምሜዋለሁ። ምሳ ስሄድ እሱን አስቀምጬው ነበር የምሄደው። ሰው ሶኬቷ አጠገብ ሲያልፍ ተነስቼ እጋርዳታለሁ። ስለ ምን እንደሚጠይቀኝ የማያውቅ ደንበኛ ሁሉ «እንዴት ዋለ?» ይለኝ ጀምሮ ነበር። በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ መብራት ጠፋ። የሠፈሩ በሙሉ። ላፕቶፑ ጸጥ አለ።

«በይ እንግዲህ፣ ያላንቺ ተወሰነ» አለኝ ልብስ ሰፊው። እኔ ግን ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እሱም ደነገጠና ውኃ አመጣልኝ።

መብራት ተመለሰ፣ አንኳኳሁ፣ መረጥኩ። ጥያቄው እንደ ቤት አከራይ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሟል። ምንም ያጣው የለም። ያን ሁሉ ቀን የጠበቅኩት ለካ የማይሸሽ ነገር ነው።

አሁን ደስታዬን ስማ። ሁለተኛውን መስመር መረጥኩ። ተነሳ፣ ተከፈተ፣ ዲስኩን አሳየኝ፣ በውስጡም የድምቡሼ ፎቶዎች፣ የድምቡሼ መዝሙሮች፣ «መመረቂያ» የሚል ማኅደር። ቀዳሁት። ሁለት ቦታ ቀዳሁት። አንዱን ፍላሽ ጡቴ ሥር ከትቼዋለሁ፣ አሁን ስጽፍልህ እየቆረቆረኝ ነው፣ ይቆርቁረኝ።

ልክ ያኔ ስልኳ መጣ፤ ቅዳሜ አይደል።

«አክስቴ፣ ላፕቶፔ ደህና ነው?»

«ምን ይሆናል፣ እንዳስቀመጥሽው ተኝቷል። ጽሑፉስ?»

«አለቀ እኮ፣ ጥቂት ነው የቀረኝ።»

«ጎበዝ» አልኳት። በመጪው ቅዳሜ ትመጣለች። ሰኞ የወረቀት ቅጂ አትሜ፣ አስጠርዤ፣ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥላታለሁ። መናዘዜን ከዚያ በኋላ ነው የማደርገው፤ እጇ ወረቀቱን ከያዘ በኋላ።

ጥቅምት 26

ደብዳቤውን ጨርሼ ነበር። ቦቴው ስላልወጣ ከፈትኩት።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሙሉ ጥቅል ወረቀት ማተሚያው ውስጥ አስገባሁ። ሰማንያ፣ መቶ ገጽ ይሆናል ብዬ ነው። አትም አልኩት። የሽፋኑ ገጽ ወጣ፣ ስሟ፣ የኮሌጁ ስም። ሁለተኛው ወጣ። «ዋሻ ውስጥ መብራት ለሚዘረጋው አባቴ» ይላል፣ ሌላ ነገር የለበትም። ሦስተኛው ወጣ፤ ማውጫ ነው፣ ከምዕራፍ አንድ እስከ ምዕራፍ አምስት፣ የገጽ ቁጥር የሌለው። ማተሚያው ቆመ።

ወረቀት ነክሶ ነው አልኩ። ከፈትኩት፣ ሮለሩን አሽከረከርኩ፣ በጀርባው አየሁ። ምንም አልነከሰም። ቀለሙን አወጣሁ፣ መለስኩ። እንደገና አትም አልኩት፣ እነዚያኑ ሦስት ገጾች ደገመልኝ። ሠላሳ ጊዜ ያጸዳሁትን ማተሚያ ሰደብኩት፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ሄጄ ፋይሉን ከፈትኩ። ሦስት ገጽ ነው። የተጻፈው በየካቲት ነው። ከየካቲት ወዲህ አልተነካም። ሌላ ማኅደር ውስጥ ይኖራል ብዬ ዲስኩን በሙሉ፣ የፎቶዎቹን ሳይቀር፣ ምሳ ሳልበላ በረበርኩት። የለም።

ላልነግርህ ነበር። «ሁሉም ተርፏል» ብዬ ልልክልህ ነበር፤ ውሸትም አይሆንብኝ ነበር፣ ያለው ሁሉ ተርፏልና። ግን ደንበኛ አይኑር ብለሃል።

እሷም ውሸቷን ስትነግረኝ እኔም ውሸቴን እየነገርኳት፣ ሁለታችንም እንዴት ያለ ለስላሳ ድምፅ ነበረን። እኔ ለጠፋው ጽሑፍ ሳለቅስ እሷ ያልተጻፈውን ጽሑፍ ይዛ እዚያ ጤና ጣቢያ ውስጥ ምን እያለች ትተኛ ይሆን? ኅዳር 5 ለእሷም ያው ቀን ነው። ምን ልበላት? የትኛው ይቅደም፣ የእኔ ኑዛዜ ወይስ የእሷ? አንተ ቁልፍ በቁልፍ አስተምረኸኛል፤ ይህንንም እንደዚያ ጻፍልኝ።

ልብስ ሰፊው አይቷል። ሦስቱን ገጾች ሰብስቦ ሰጠኝና ወደ ሱሪው ተመለሰ።

እህትህ

—

ጥቅምት 30፣ መንገድ ላይ

እትዬ፣

ጽሕፈቴ የሚዘልለው መንገዱ ነው። ቦቴው ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጫለሁ። ይህን ደብዳቤ የማመጣልሽ እኔ ነኝ። ፊትሽ ቆሜ እንደማልናገረው ስለማውቅ ነው የምጽፈው፤ ስሰጥሽ እኔን ሳታይ አንብቢው።

ሌላ ጊዜ ያልኩሽ ይህ ነው። በሐምሌ ድምቡሼ ጽፋልኝ ነበር፤ አራት ገጽ፣ በፊትና በጀርባ። ቁስል ስታጥብ እጇ እንደሚንቀጠቀጥ፣ አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ላይ መርፌ ሦስት ጊዜ ስታ እንዳስለቀሰቻቸው፣ እሳቸውም «አይዞሽ ልጄ» ብለው እንዳባበሏት ጽፋለች። ቤቱ ሁሉ እንደሚጠብቃት፣ አንቺ ለደንበኞችሽ በሙሉ «የእኔዋ ነርስ» እያልሽ እንደምታወሪ ጽፋለች። መጨረሻ ላይ «አባዬ፣ ልተወው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አንድ መስመር መለስኩላት። «የጀመሩትን መጨረስ ነው» አልኩ። በሚቀጥለው ቦቴ መልሷ መጣ። «እሺ አባዬ» ይላል፣ ሁለት ቃል። እኔ እሺ ካለች አለቀ ብዬ አጣጥፌ አስቀመጥኩት። ላንቺም አልነገርኩሽ፤ ስትጨርስ አይታወስም ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ አልጻፈችልኝም። ያንቺ ደብዳቤ ከመጣ ጀምሮ ግን እነዚያን አራት ገጾች በየቀኑ አነባለሁ። ሰው አዎ እንዲለኝ ብቻ ነው ለካ የምጽፈው።

ቁልፍ በቁልፍ ጻፍልኝ ብለሻል። የለኝም። ይህን ብቻ አውቃለሁ፤ ሦስቱን ገጾች አስቀድመሽ አታሳያት። ያንቺን ስህተት ንገሪያት፣ ነቀልኩት በያት፣ አዎ አላልኩም በያት። ከዚያ እኔ እገባለሁ። የእሷ ተራ የሚመጣው ከእኔ በኋላ ነው። ኅዳር 5ን ተዪው። ልትተወው ከፈለገች ትተወዋለች፤ ልትደግም ከፈለገች ዓመቱ ዓመት ነው። የማልፈልገው እሺ እንድትለኝ ነው።

የስድስት ቀን ፈቃድ ነው የሰጡኝ። አለቃዬ «ማን ሞተ?» አለኝ። ማንም አልኩት። «ታዲያ ምን ያስቸኩልሃል?» አለኝ። ፈቃዱን ተቀብዬ ወጣሁ።

ኅዳር 1

ከተማው መግቢያ ላይ ደርሰናል። ሾፌሩ ከዚህ በኋላ ቀስ ነው የምሄደው ይላል፣ ሰው ይበዛል። ከሩቅ መንገድሽ ታየኝ። የፍርድ ቤቱ አጥር ቀለም ተቀብቷል፤ አልነገርሽኝም።

የሱቅሽ በር ክፍት ነው። ደጃፉ ላይ ልብስ ሰፊው ቆሟል፤ መሆን አለበት፣ ሜትር አንገቱ ላይ ነው። ከእሱ አጠገብ ያለችው አንቺ መስለሽኝ ነበር። አንቺ አይደለሽም፤ ቀጭን ናት፤ ድምቡሼ ናት፣ ከስታለች። ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ ደግፋ የጫማዋን አቧራ ታራግፋለች። ገና ወደ ውስጥ አልገባችም።

ሾፌሩ እዚህ ላውርድህ ወይስ ማደያው ድረስ እንሂድ ይለኛል። እዚህ ብዬዋለሁ።